በከፍተኛ ድግግሞሽ ለሚደረግ የራዲዮ ግንኙነት የሚያገለግሉ አነስተኛና በሞተር የሚዞሩ አንቴናዎች አነዳደፍ

መግቢያ

ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ የሚነሣ መልእክት ከታሰበበት መድረሱ ወይም በመንገድ መቅረቱ በአስተላላፊው መሣሪያ ጉልበት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ባለ 100 ዋት መሣሪያ በተገቢ አንቴና ታግዞ ከአህጉር ወደ አህጉር ሊሰማ ይችላል። በአንጻሩ ብዙ እጥፍ ጉልበት ያለው ጣቢያ አንቴናው ስላልተስማማው ብቻ ጉልበቱን ሽቦና ጥቅል በማሞቅ ሊጨርሰው ይችላል። የስልክ መስመር በሌለበት ወይም በአደጋ ምክንያት በተቋረጠበት ሥፍራ ብቸኛው የመገናኛ መንገድ ይኸው የአጭር ሞገድ ራዲዮ በሚሆንበት ጊዜ፣ የአንቴናው ጉዳይ ከቴክኒክ ጥያቄነት አልፎ የመሰማትና ያለመሰማት ጥያቄ ይሆናል።

ብዙ ጣቢያዎች ያሏቸው ግቢዎች ጠባቦች ናቸው። ስለሆነም የአንቴናውን መጠን መቀነስና የተቀነሰውን አንቴና በሞተር ወደሚፈለገው አቅጣጫ ማዞር ዘወትር የሚፈለግ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንቴና ሲያጥር ምን እንደሚታጣ፣ የሚታጣውን ለመቀነስ ምን እንደሚደረግ፣ እንዲሁም ማዞር ምን እንደሚመልስና ምን እንደማይመልስ በቁጥር እያስደገፉ ማስረዳት ነው።

1. የሞገድ ርዝመትና የአንቴና መጠን

ከፍተኛ ድግግሞሽ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ነው። የሞገዱ ርዝመት በታችኛው ወሰን 100 ሜትር፣ በላይኛው ወሰን ደግሞ 10 ሜትር ነው። ከአንቴናዎች ሁሉ ቀላል የሆነው ዳይፖል የሞገዱን ግማሽ ያህል ርዝመት ይፈልጋል። በተግባር ርዝመቱ በሜትር የሚገኘው 142.5ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ድግግሞሽ በማካፈል ነው። በዚህ መሠረት ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ያህል፣ ለ7 ሜጋኸርዝ ከ20 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ለ3.5 ሜጋኸርዝ ደግሞ ወደ 41 ሜትር የሚጠጋ ሽቦ ያስፈልጋል።

ዳይፖል ሞገዱን ወደ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች እኩል ይረጫል። ጉልበቱን ወደ አንድ ወገን የሚሰበስበው አንቴና እ.ኤ.አ. በ1926 በጃፓን ሰንዳይ ከተማ በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ በነበሩት በሺንታሮ ኡዳና በሂደትሱጉ ያጊ አማካይነት ለሳይንሱ ዓለም ተገለጠ። ይህ ያጊ በመባል የሚታወቀው አንቴና ከአስተላላፊው ጋር የተገናኘ አንድ ዘንግ፣ ከኋላው አንጸባራቂ፣ ከፊቱም መሪ ዘንጎች አሉት። ይሁን እንጂ ለ14.2 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ባለ ሦስት ዘንግ ሙሉ ያጊ እያንዳንዱ ዘንግ 10 ሜትር ያህል፣ ዘንጎቹን የሚሸከመው አግዳሚ ደግሞ ከ6 ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ሲዞር ከምሰሶው ዙሪያ 6 ሜትር ያህል ባዶ አየር ይፈልጋል። አንቴናውን የማሳጠር ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

2. ማሳጠር የሚያስከፍለው ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1947 ሃሮልድ ዊለር፣ በ1948 ደግሞ ላን ጄን ቹ የተባሉ ሳይንቲስቶች ከሞገዱ ርዝመት አንጻር እጅግ ትንሽ የሆነ አንቴና ሊያልፈው የማይችለው የተፈጥሮ ወሰን እንዳለ አሳዩ። አነስተኛ መጠን፣ ከፍተኛ ብቃትና ሰፊ የድግግሞሽ ክልል ሦስቱም በአንድነት አይገኙም። የትንሽ አንቴና መጠን በግማሽ ሲቀነስ፣ ብቃቱ ሳይጎድል ሊሠራበት የሚችለው የድግግሞሽ ስፋት ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ስፋቱን ለመመለስ የሚሻ ሰው ብቃትን መክፈል ይኖርበታል። ስለዚህ የነዳፊው ሥራ ከዋጋው ማምለጥ ሳይሆን፣ ዋጋው በምን እንደሚከፈል አስቀድሞ መወሰን ነው።

ይህን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። የአንቴናን ብቃት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የስርጭት ሬዚስታንስ ሲሆን፣ ይኸውም ኮረንቱ ወደ ሞገድነት የሚለወጥበትን መጠን ያመለክታል። ሁለተኛው በሽቦውና በጥቅሉ ወደ ሙቀት የሚለወጠውን ጉልበት የሚያሳየው የብክነት ሬዚስታንስ ነው። የግማሽ ሞገድ ዳይፖል የስርጭት ሬዚስታንስ 73 ኦም ያህል ነው። ርዝመቱ ወደ ሩብ ሞገድ፣ ማለትም በ14.2 ሜጋኸርዝ ወደ 5.3 ሜትር ሲቀነስ 12 ኦም ያህል ይሆናል። ወደ ሞገዱ አንድ ስምንተኛ ወይም ወደ 2.6 ሜትር ሲወርድ ደግሞ 3 ኦም ብቻ ይቀራል።

ያጠረው አንቴና ከአስተላላፊው ጋር እንዲስማማ በመካከሉ ጥቅል ሽቦ ይገባበታል። ኪው በተባለው መለኪያ ጥራቱ 300 የሆነ ጥቅል ከ5.3 ሜትሩ ጋር ሲገጠም 2 ኦም የማይሞላ ብክነት ስለሚያስከትል፣ የአንቴናው ብቃት 87 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ2.6 ሜትሩ ግን የሚያስፈልገው ጥቅል ትልቅ፣ የስርጭት ሬዚስታንሱም ትንሽ በመሆኑ ብቃቱ ወደ 45 በመቶ ይወርዳል። ጥቅሉ በቀጭን ሽቦ በግዴለሽነት ተጠቅልሎ ኪው 100 ብቻ ቢሆን የመጀመሪያው ወደ 69፣ ሁለተኛው ወደ 21 በመቶ ይቀንሳል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። በግማሽ ማሳጠር በጥንቃቄ ከተሠራ የሚታገሡት ጉዳት ሲያስከትል፣ ከዚያ በታች ያለው እያንዳንዱ ሜትር ግን እጅግ ውድ ነው። እንዲሁም አንቴናው ባጠረ መጠን የሠራተኛው የእጅ ጥበብ ዋጋ ይጨምራል።

3. የኪቶ ከተማ ተሞክሮ

አንቴናን በብልኃት አሳጥሮ ጥቅም እንዲሰጥ ከማድረግ አኳያ ከሚጠቀሱት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በደቡብ አሜሪካ በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ ነው። ኪቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1931 ሥራውን የጀመረው ኤችሲጄቢ የተባለው ጣቢያ በ10 ኪሎ ዋት አስተላላፊና በያጊ አንቴና በአጭር ሞገድ ማሠራጨት ሲጀምር ያልታሰበ ችግር ገጠመው። በዘንጎቹ ጫፍ ላይ እሳት መሰል ብርሃን ይታይ፣ የአሉሚኒየሙም ጫፍ እየቀለጠ ይበላ ጀመር።

የችግሩ ምክንያት ከአንቴናው ጠባይና ከቦታው አየር የመነጨ ነው። በዳይፖል ላይ ኮረንቱ የሚበረታው በመካከል ሲሆን ቮልቴጁ የሚበረታው በጫፎቹ ነው። በኪቶ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ስስ የሆነው አየር ኤሌክትሪኩን አግዶ የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል። የጣቢያው ኢንጂነር ክላረንስ ሙር እ.ኤ.አ. በ1942 ገደማ ያገኘው መፍትሔ ጫፍ የሌለው አንቴና መሥራት ነበር። ሽቦው አንድ ሙሉ ሞገድ ያህል ሆኖ በአራት ማዕዘን ተወጥሮ መልሶ ሲገጥም ቮልቴጁ የሚበረታባቸው ነጥቦች በጎኖቹ አጋማሽ ላይ ያርፋሉ። ብልጭታ የሚወረወርበት ሹል ጫፍም አይኖርም። ሙር ለዚህ ኳድ ተብሎ ለሚጠራው አንቴና እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

የኳድ ሁለተኛ ጥቅም መጠኑ ነው። ለ14.2 ሜጋኸርዝ የአራት ማዕዘኑ እያንዳንዱ ጎን 5.4 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሁለት ክፈፎች በ2.6 ሜትር ርቀት ቢቀመጡ አንቴናው ሲዞር የሚፈልገው ሥፍራ ከምሰሶው 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው ያጊ ግማሽ ነው። የሽቦው ርዝመት አልተቀነሰም፤ ታጥፎ በቁመት ተተክሏል እንጂ። በዚህም ምክንያት የሚባክነው ጉልበት ጥቂት ነው። ጉድለቱ ቁመቱ ነፋስ የሚይዝ መሆኑና ሽቦውን የሚወጥሩት የቀርከሃ ወይም የፋይበርግላስ ዘንጎች በቀላሉ መሰበራቸው ነው።

የኪቶ ልምድ ለኢትዮጵያ ደጋ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በውጭ አገር የተጻፉ የአሠራር መመሪያዎች ለባሕር ጠረፍ አየር የሚሰጧቸውን የክፍተት ልኮች በደጋ እንዳሉ መውሰድ ብልጭታን መጋበዝ ይሆናል።

4. ማጠፍና የቀለበት አንቴና

ከኳድ ሌላ የታጠፈ አንቴና የሚባለው በእንግሊዛዊው ሌስ ሞክሰን ስም የሚታወቀው ነው። በዚህ አሠራር የሁለት ዘንጎች ጫፎች እርስ በርስ እየተያዩ ይታጠፉና ቅርጹ ጋደም ያለ አራት ማዕዘን ይሆናል። ለ14.2 ሜጋኸርዝ ወርዱ 7.7 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.8 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ፊት የሚልከው ጉልበት ከዳይፖል 2 ተኩል እጥፍ ያህል ሲሆን፣ በደንብ ሲስተካከል ወደ ኋላ የሚያመልጠው ከፊቱ አንድ መቶኛ ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር ባለ 100 ዋት ጣቢያ በአንዱ አቅጣጫ የ250 ዋት ጣቢያ ያህል ይሰማል፤ ከኋላ የሚመጣ ረብሻም እጅግ ይቀንሳል።

ግቢው ለዚህም የማይበቃ ከሆነ የመጨረሻው አማራጭ ትንሹ የቀለበት አንቴና ነው። ይህ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመዳብ ቱቦ ክብ ሲሆን ሁለቱ ጫፎቹ በተለዋዋጭ ኮንደንሰር ይያያዛሉ። ከላይ የተነገረው የተፈጥሮ ወሰን በግልጽ የሚታየው በዚህ አንቴና ነው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ የቱቦው ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ14.2 ሜጋኸርዝ የስርጭት ሬዚስታንሱ ከ0.1 ኦም ያነሰ ነው፤ የመዳቡ ብክነት ብቻ 0.045 ኦም ያህል ይሆናል። ብቃቱም 68 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ያልጠበቀ ቡሎን ወይም በመጥፎ ብየዳ ምክንያት 0.05 ኦም ቢጨመር ብቃቱ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ይኸው ቀለበት በ7.1 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የስርጭት ሬዚስታንሱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሚቀንስ ብቃቱ 16 በመቶ ብቻ ይሆናል።

በተጨማሪም 100 ዋት ሲሰጠው በቀለበቱ ውስጥ ከ26 አምፔር በላይ ይዞራል። በኮንደንሰሩ ጫፎች መካከልም ከ8,000 ቮልት የሚበልጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ለስላሳ በሆኑ ሰሌዳዎች መካከል በባሕር ጠረፍ ይህን ለመቋቋም 3 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ቢበቃም፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለአቧራና ለእርጥበት መጠባበቂያ ደግሞ ከዚህም እጥፍ ማድረግ ይገባል። ቀለበቱ በሚሠራበት ጊዜ በእጅ መንካት ወይም ሕፃናት በሚደርሱበት ሥፍራ ማቆም ለከባድ ቃጠሎ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የሚሠራበት የድግግሞሽ ስፋት 18 ኪሎኸርዝ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ድግግሞሹ ጥቂት በተለወጠ ቁጥር ኮንደንሰሩ እንደገና መስተካከል አለበት። ስለሆነም ይህ አንቴና ሁለት ሞተሮች ይፈልጋል። አንዱ ቀለበቱን ያዞራል፤ ሌላው፣ እጅግ ዝግ ያለው፣ ኮንደንሰሩን ያስተካክላል። የሚንሸራተት መገናኛ ያለው ኮንደንሰር ብክነት ስለሚጨምር ቢራቢሮ የሚባለው ዓይነት ወይም የቫኪዩም ኮንደንሰር ይመረጣል።

5. የማዞሪያው መካኒክ

በብዙ ጣቢያዎች አንቴናውን ሥራ የሚያስፈታው የኤሌክትሪክ ስሌት ስሕተት ሳይሆን የመካኒክ ጉድለት ነው። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራልና ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 0.6 ካሬ ሜትር ገጽታ ባለው አንቴና ላይ በባሕር ጠረፍ 330 ኒውተን ያህል ይገፋል። ወጣሪ ገመድ የሌለው የ12 ሜትር ምሰሶ ሥር የሚያርፈው የማጠፍ ኃይልም ወደ 4,000 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። በዚህ ረገድ ስስ የደጋ አየር ይረዳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ይኸው ነፋስ የሚገፋው በ250 ኒውተን ገደማ ነው። ሆኖም ይህ ትርፍ ምሰሶውን ለማቅጠን ሳይሆን ለመጠባበቂያ ሊታሰብ ይገባል።

አንቴናው ሲነሣና ሲቆም በሞተሩ ላይ የሚያደርሰው ጫና ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ ክብደቱ ከመሐል ባለው ርቀት ይወሰናል። አንድ ኪሎ ግራም ከመሐል በሁለት እጥፍ ሲርቅ የመዞር እምቢታው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአንቴና ማጠር ቦታን ብቻ ሳይሆን ማዞሪያውንም ይቆጥባል። ፍጥነቱ በደቂቃ አንድ ዙር ያህል ሆኖ አነሣሡና አቋቋሙ ዝግ ያለ እንዲሆን ማድረግ ጥርሶቹን ከመሰበር ይጠብቃል።

የሚከተሉት ነጥቦች በንድፉ ውስጥ መካተት አለባቸው፦

ሀ) የአንቴናው ክብደት በሞተሩ ላይ ሳይሆን ከሞተሩ በላይ በተተከለ ኩሽኔታ ላይ ማረፍ አለበት፤ የሞተሩ ሥራ ማዞር ብቻ ነው።

ለ) ሞተሩ ሲቆም ነፋስ አንቴናውን እንዳያዞረው ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ማርሽ ወይም ፍሬን ያስፈልጋል። ጠመዝማዛው ጥርስ ከሞተሩ ወደ አንቴናው እንጂ ከአንቴናው ወደ ሞተሩ በቀላሉ አያዞርም።

ሐ) አቅጣጫውን ለኦፐሬተሩ የሚያሳይ መለኪያ፣ ብዙውን ጊዜ ተለዋዋጭ ሬዚስታንስ፣ ከሚዞረው ምሰሶ ጋር በቀጥታ መያያዝ አለበት። ከሞተሩ ጋር ከተያያዘ የማርሹ መላላት መለኪያውን ያሳስታል።

መ) ገመዱ እንዳይጠመዘዝ በቂ ልል ተደርጎ መታጠፍ፣ ዙሩም በ360 ዲግሪ የሚያቆም ማብሪያ ሊኖረው ይገባል።

ሠ) መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ሲነካኩ እርጥበት ባለበት ይበላላሉና በመካከላቸው የማይዝግ ብረት ማስገባት ይገባል። ባዶ ቱቦዎች በነፋስ ተንቀጥቅጠው እንዳይሰነጠቁ በውስጣቸው ገመድ ይሳባል።

ረ) ምሰሶው ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ መያያዝና የመብረቅ መከላከያ ሊኖረው ይገባል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በበጋ በችኮላ የተተከለ ማዞሪያ የሚፈተነው በክረምት ነፋስና ዝናብ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከምሰሶው ላይ ወጥቶ መጠገን አስቸጋሪም አደገኛም ነው።

6. አቅጣጫን ስለመወሰን

የሚዞር አንቴና የሚጠቅመው የት እንደሚዞር ከታወቀ ነው። ራዲዮ ሞገድ የሚጓዘው በምድር ክብ ገጽ ላይ ባለው አጭር መንገድ ስለሆነ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚታየው አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ለምሳሌ ኒው ዮርክ ከአዲስ አበባ ሲታይ በጠፍጣፋ ካርታ ከምዕራብ ጥቂት ወደ ሰሜን የምትገኝ ትመስላለች። ትክክለኛው አቅጣጫ ግን ከሰሜን ተነሥቶ በሰዓት አቅጣጫ ሲለካ 315 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም በሰሜንና በምዕራብ መካከል ነው። ጄኔቫ ደግሞ 329 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 14 ዲግሪ ብቻ በመሆኑ አንቴናውን ሳያዞሩ ሁለቱንም ማዳረስ ይቻላል። ባለ ሁለት ዘንግ አንቴና የሚልከው ጨረር 70 ዲግሪ ያህል ስፋት ስላለው የ10 ዲግሪ ስሕተት የሚያሳጣው ከጉልበቱ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የቀለበት አንቴና ጠባይ ከዚህ ይለያል። የሚሰማበት ወገን ሰፊ ሲሆን የማይሰማበት ወገን ግን ጠባብ ነው። ስለሆነም የቀለበቱ ማዞሪያ ዋና ጥቅም የሚፈለገውን ጣቢያ ማጉላት ሳይሆን የሚረብሸውን ማጥፋት ነው። ኦፐሬተሩ ቀለበቱን ጥቂት ዲግሪ ሲያዞር ረብሻው ሊደበዝዝ፣ የተሸፈነው ደካማ ድምፅም ሊሰማ ይችላል። በዚህ ምክንያት የቀለበት ማዞሪያ እስከ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ልዩነት መቆም የሚችል መሆን አለበት።

7. ማዞር የማይጠቅምበት ጊዜ

አንቴናን ማዞር ለሁሉም ግንኙነት መፍትሔ አይደለም። ጋደም ያለ አንቴና ከምድር የግማሽ ሞገድ ያህል ከፍ ሲል ጨረሩ ከአድማስ በ30 ዲግሪ ገደማ፣ አንድ ሙሉ ሞገድ ከፍ ሲል ደግሞ በ14 ዲግሪ ገደማ ይነሣል። ወደ ሩቅ አገር የሚያደርሰው እንዲህ ያለው ዝቅተኛ ጨረር ነው። ይኸው አንቴና ከሩብ ሞገድ በታች ሲተከል ጉልበቱ ወደ ሰማይ አናት ስለሚሄድ የትኛውም ወገን ቢዞር ለውጡ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለከፍተኛ ምሰሶ አቅም የሌለው ጣቢያ በማዞሪያ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ይባክናል።

በአንጻሩ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ላለው የአገር ውስጥ ግንኙነት፣ በተለይ ተራራና ሸለቆ በሚበዛበት ሥፍራ፣ የሚፈለገው ወደ ሰማይ አናት ተልኮ ከላይ የሚመለሰው ሞገድ ነው። ለዚህም ከ10 ሜጋኸርዝ በታች በሆነ ድግግሞሽ፣ ዝቅ ተደርጎ በሁለት እንጨቶች መካከል የተወጠረ ተራ ዳይፖል ከማንኛውም ዟሪ አንቴና ይበልጣል። ሞተር የለውም፤ ዋጋውም የሽቦና የገመድ ያህል ነው። የጤና ጣቢያንና የወረዳን ከተማ ለማገናኘት የሚታሰብ ጣቢያ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው አንቴናው ይዞራል ወይ ተብሎ ሳይሆን፣ መልእክቱ ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል ተብሎ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው አነስተኛ አንቴና ያለ ዋጋ አይገኝም። ዋጋው በብቃት፣ በድግግሞሽ ስፋት ወይም በቮልቴጅ ሊከፈል ይችላል። ከአማራጮቹ ሁሉ ሽቦውን ሳይቆርጡ ማጠፍ፣ ማለትም የኳድና የሞክሰን መንገድ፣ አነስተኛ ዋጋ ያስከፍላል። ጥቅል ማስገባት እስከ ግማሽ ርዝመት ድረስ ተቀባይነት አለው። የቀለበት አንቴና ሌላ ምርጫ በሌለበት የሚወሰድና ከሁሉ የበለጠ የእጅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ማዞሪያውም በማጠር የታጣውን ከፊሉን የሚመልሰው አንቴናው በቂ ከፍታ ሲኖረው፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑም በሚገባ ሲገጠሙ ነው።

ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ይህ ርዕስ ልዩ ጥቅም አለው። በአንድ ሥራ ውስጥ የኤሌክትሪክ ስሌት፣ የብረት ሥራ፣ የነፋስ ኃይልና የካርታ ንባብ ይገናኛሉ። ተማሪው በወረቀት ላይ 68 በመቶ ያገኘው ብቃት በአንድ ያልጠበቀ ቡሎን ምክንያት ወደ 50 በመቶ ሲወርድ በራሱ እጅ ሠርቶ በመለኪያ ሲያየው፣ ስሌትና የእጅ ሥራ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ይገነዘባል።